ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም

አንዷ ተማሪዬ የነበረች ልጅ «ቲቸር፣ ድመታችን ወንድ ፈልጋ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸች አላስተኛ አለችን፤ አባዬ ወስጄ ልጣላት ነው አለ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄ ነገር ታሪክ አለው፣ እስቲ ልንገራችሁ።

ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጥን ተከትላ ደግሞ የዱር ድመት መጣች። ይሄ የሆነው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝታለች። ድመትን ማንም አስሮ አላላመዳትም፤ በራሷ ቀርባ ነው የተላመደችን።

ልብ በሉ! ላሙን፣ በጉን፣ ውሻውን ሰው እየመረጠ አራብቷል። ድመትን ግን ለብዙ ሺህ ዓመት «ከእገሌ ውለጂ» ያላት የለም ማለት ይቻላል። የታወቀው የለንደን የድመት ትርኢት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው፤ ዝርያ እየለዩ ማራባት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ቤታችን ያለችው ድመት በዚህ ጉዳይ ገና የዱር ናት። ተረቱ ለሰው ሽሙጥ ቢሆንም ለእሷ እውነት ነው።

የጥንት ሰዎችም አስተውለውታል። ከ2,400 ዓመት በፊት ሄሮዶቱስ ስለ ግብፅ ድመቶች ሲጽፍ፣ ግልገሎቿን ያጣች ድመት ወዲያው ወደ ወንዱ እንደምትመለስ ተናግሯል። እውነቱን ነው። ታዲያ እኛ ሰፈር ግልገሎቹን በከረጢት ወስዶ መጣል ምን ይሉታል? ጭካኔው ሳያንስ ጩኸቱን መልሶ መጥራት እኮ ነው!

ድመትን የሚቀሰቅሳት የቀን ብርሃን ርዝመት ነው። አውሮፓ ውስጥ ቀኑ ሲረዝም ይጀምራታል። እኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ስለማይለያይ በማንኛውም ወር ሊመጣባት ይችላል። አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ካልተጠቃች ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ምን ይደረግ? በዱላ የሚቆም ነገር ስላልሆነ አትምቷት። በርና መስኮት ዝጉ፣ ሞቅ ያለ መኝታ አንጥፉላት፣ ቀን ቀን አጫውቷት፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የሰው ኪኒን በፍጹም እንዳትሰጧት። ዘላቂው መፍትሔ በእንስሳት ሐኪም ማምከን ነው፤ በከተማችሁ ያለውን ክሊኒክ ጠይቁ። ገና በ4 ወይም በ5 ወሯ ልትጀምር ስለምትችል አትዘግዩ።

10,000 ዓመት ጎተራችንን የጠበቀች ባለውለታ በአንድ ሳምንት ጩኸት አትባረርም። እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።