የኪቢሽ አጽም ዕድሜ

በ1967 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች በአንድ ጥምር ጉዞ ወደ ታችኛው የኦሞ ሸለቆ ዘለቁ። አካባቢው ከሞያሌ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተሰሜን ነው። ፈረንሳዮቹን ካሚል አራምቡር፣ አሜሪካኖቹን ክላርክ ሃወል፣ ከናይሮቢ የመጡትን ደግሞ ወጣቱ ሪቻርድ ሊኪ ይመሩ ነበር። ለሊኪ ቡድን የደረሰው ኪቢሽ የተባለው ቦታ ደለል ሌሎቹ ከያዙት በጣም ያነሰ ዕድሜ ያለው ነበር፤ በጊዜው እንደ ዕድል አልተቆጠረም። እዚያው ግን ካሞያ ኪሜዩ የዛሬውን ሰው የሚመስል አጽም አገኘ። ፖል አቤል ከወንዙ ማዶ ሌላ የራስ ቅል አነሳ። ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ዕድሜያቸው ስንት ነው? ጥያቄው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ።

የመጀመሪያው መልስ በ1969 እ.ኤ.አ. ወጣ፦ 130,000 ዓመት። የተለካው አጥንቱ ሳይሆን በዚያው ደለል ውስጥ የተገኘ የወንዝ ኦይስተር ቅርፊት ነው። ዩራኒየም በውሃ ይሟሟል፤ ቶሪየም እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ አዲስ ቅርፊት ዩራኒየም እንጂ ቶሪየም የለውም ተብሎ ይታሰባል። ዩራኒየም 234 እየፈራረሰ ቶሪየም 230 ይሆናልና የቶሪየሙ መጠን ያለፈውን ጊዜ ይነግራል። አንድ አተም መቼ እንደሚፈራርስ ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ የብዙ አተሞች የመፈራረስ ፍጥነት ግን አይዛነፍም። ችግሩ ቅርፊቱ ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላም ከሚያልፈው ውሃ ዩራኒየም ሊመጥ ይችላል፤ ያኔ ሒሳቡ ይፋለሳል። ብዙዎች ቁጥሩን የተጠራጠሩት ለዚህ ነበር።

ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪው ጆን ፍሊግልና ባልደረቦቹ ወደ ኪቢሽ ተመለሱ። በ1967 ከተሰበሰበው የጭን አጥንት ጋር በትክክል የሚገጥም ስባሪ ማግኘታቸው ቦታው ያው መሆኑን አረጋገጠ። ኢያን ማክዱጋልና ፍራንክ ብራውን ደግሞ ፊታቸውን ወደ እሳተ ገሞራ አመድ አዞሩ። የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ከአተሞቹ ግማሹ የሚፈራርሱበት ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ከሚፈራርሱት አተሞች ከአሥር አንዱ ገደማ አርጎን 40 ይሆናል። አርጎን ጋዝ ስለሆነ ከቀለጠ ዐለት ያመልጣል፤ ዐለቱ ከረጋ በኋላ የሚፈጠረው ግን በፌልድስፓር ቅንጣት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ቅንጣቷን በኒውክሌር ማብለያ በኒውትሮን ደብድበው፣ በሌዘር አቅልጠው የሚወጣውን ጋዝ ይለኩታል። ናካኪሬ የተባለው የአመድ ንጣፍ 196,000 ዓመት ገደማ ሆነ። በ2005 እ.ኤ.አ. የኦሞ 1 ዕድሜ 195,000 ተብሎ ታተመ።

ልኬቱን የነቀፈ ብዙ ሰው አላውቅም። ክርክሩ የናካኪሬ ንጣፍ ከአጽሙ ጋር በምን ቅደም ተከተል ተደረደረ የሚለው ላይ ነበር፤ ያም የአካፋና የዓይን ሥራ እንጂ የፊዚክስ አይደለም።

በኋላ ተመራማሪዋ ሴሊን ቪዳል ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አሥራትና ከሌሎች ጋር ሆና የመረጠችው በቀጥታ ከአጽሙ በላይ የተነጠፈውን አመድ ነው። አመዱ ግን በጣም ስለላመ ለአርጎን ልኬት የሚበቃ ቅንጣት የለውም። ስለዚህ የኬሚካል ቅንብሩን ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች ጋር አመሳከሩት፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከሻላ አንድ ታላቅ ፍንዳታ ጋር ገጠመ። ዕድሜውን የለኩት እዚያው ሻላ ካለው የፍንዳታው ድንጋይ ሲሆን ውጤቱ 233,000 ዓመት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 22,000 ነው። ጥናቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ቁጥሩ «233,000» ተብሎ ብቻ ሲጠቀስ «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ትወድቃለች። አመዱ ከአጽሙ በላይ ነውና አጽሙ ከአመዱ ይቀድማል። ቢበዛ በስንት ዓመት እንደሚቀድም የምናውቀው ከአጽሙ በታች ያለ፣ ዕድሜው የተለካ ሌላ ንጣፍ ሲኖር ነው።