የአይዘንሃይም ድውያንና የመንበሩ ሥዕል

በአልዛስ አገር፣ ከኮልማር ከተማ በስተ ደቡብ፣ አይዘንሃይም በምትባል መንደር በአባ እንጦንስ ስም የተሰየመ ማኅበር መነኮሳት ገዳም ነበራቸው። የማኅበሩ ዋና ሥራ «የእንጦንስ እሳት» የተባለው ደዌ ያደረበትን ሰው ተቀብሎ ማስታመም ነበር። ደዌው የሚመጣው በእኽል ዛላ ላይ ከሚወጣ ጥቁር ሻጋታ ነው፤ ያንን እኽል አስፈጭቶ የበላ ሰው ገላው በእሳት እንደ ተለበለበ ይቃጠላል፣ ቈይቶም እጁና እግሩ ጠቍሮ ይበሰብሳል። (ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1977ና በ1978 በወሎ ታይቷል።) መነኮሳቱ ንጹሕ ዳቦ ይመግቡ፣ በቅዱሱ ዐፅም ላይ የፈሰሰ ወይን ያጠጡ፣ የበሰበሰውንም አካል ያስቈርጡ ነበር። መርዝ የሌለበት ዳቦ ብቻውን ትልቅ መድኃኒት ነበረ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ለመጣው ሞትን ከመጠበቅ በቀር ሌላ አልነበረም።

ለነዚህ ሰዎች ማትያስ ግሩኔቫልድ ከ1512 እስከ 1516 ድረስ በመንበሩ ላይ የሚቆመውን ባለ መዝጊያ ሥዕል ሣለላቸው። ሥዕሉ አሁን በኮልማር በኡንተርሊንደን ቤተ መዘክር ይገኛል። መዝጊያው እንደ ተዘጋ የሚታየው ስቅለቱ ነው። ብዙ ሠዓልያን የጌታን ሥጋ ከመስቀሉም ላይ ሳለ ያማረ አድርገው ሲሥሉ፣ ይህ ሰው ግን ቆዳውን አረንጓዴ እስኪመስል አገርጥቶ፣ ገላውን በቍስልና በእሾህ ስብርባሪ ሞልቶ፣ ጣቶቹን ከሥቃይ የተነሣ አጣሞ ሣለው። ጤነኛ ተመልካች ፊቱን ያዞር ይሆናል። ድውዩ ግን ባልንጀሮቹ የሸሹትን የራሱን ገላ በመንበሩ ላይ አየ፤ ይህም ከዳቦውና ከወይኑ የማያንስ ምጽዋት ነበር። መዝጊያው ሲከፈት ብሥራት፣ ልደትና ትንሣኤ ይወጣሉ፤ በትንሣኤውም ከችንካሩና ከጦሩ ምልክት በቀር ያ ቍስል ሁሉ ጠፍቷል።

በመጨረሻው ገጽ አባ እንጦንስ ከአባ ጳውሊ ጋራ ሲገናኝ፣ በሌላውም ወገን በአጋንንት ሲፈተን ይታያል። ከፈተናው ሥዕል በታች፣ በግራው ማዕዘን፣ ሆዱ ያበጠና ገላው በቍስል የተሞላ ሰው ወድቋል፤ ከገዳሙ ሕሙማን አንዱ ቢባል ያስኬዳል። በቀኙ ማዕዘን ቁራጭ ወረቀት አለ፤ ቅዱሱ በመከራው ጊዜ ስለ ምን እንደ ራቀው ጌታን የጠየቀበት ቃል በላቲን ተጽፎበታል። በገድሉ ጌታ ከአጠገቡ እንዳልተለየ ይመልስለታል። ሠዓሊው መልሱን አልጻፈም፤ ምናልባት በሕሙማኑ ራስጌ ለሚቀመጠው ካህን ትቶለት ይሆናል።