ዕይታ ያጣ የዕይታ በረራ

በአቪዬሽን ሙያ «ቪ ኤፍ አር ኢንቱ አይ ኤም ሲ» እየተባለ የሚጠራው ሁኔታ፣ አብራሪው ውጭውን በዓይኑ እያየ እንዲበር በሚያስገድደው ደንብ ከተነሣ በኋላ ማየት ወደማይቻልበት ደመና፣ ጉም ወይም ዝናብ ውስጥ መግባቱን የሚያመለክት ሲሆን፣ እዚህ «ዕይታ ያጣ የዕይታ በረራ» በሚል የአማርኛ ስያሜ ቀርቧል። ስያሜው «ዕይታ»ን ሁለት ጊዜ መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አደጋውን የሚፈጥረው ደመናው ብቻውን ሳይሆን በረራው የተነሣበት ደንብና የገባበት ሰማይ አለመጣጣማቸው ነውና። ያው ደመና በመሣሪያ ለሚመራ የመንገደኞች አውሮፕላን የዘወትር መንገዱ ነው።

ደንቦቹ ሁለት ናቸው። በዕይታ በረራ ደንብ የሚጓዝ አብራሪ ክንፉን ከአድማሱ ጋር አስተካክሎ የሚይዘውም ሆነ ከተራራና ከሌላ አውሮፕላን የሚርቀው በገዛ ዓይኑ ሲሆን፣ በመሣሪያ በረራ ደንብ የሚጓዘው ግን ዝቅተኛው ከፍታ አስቀድሞ በተጠና መስመር ላይ፣ ከፊቱ የተደረደሩትን ጠቋሚዎች እያነበበና ከበረራ ተቆጣጣሪ ጋር እየተነጋገረ ይሄዳል። የመጀመሪያው ደንብ የሚሠራበትን የአየር ሁኔታ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በቁጥር የወሰነው ሲሆን፣ በጥቅሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,050 ሜትር በታች ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ከፍታ ጀምሮ ደግሞ 8 ኪሎ ሜትር አርቆ ማየት መቻል፣ ከደመናም በጎን 1,500 ሜትር፣ በላይና በታች 300 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ላሉ አገሮች ይህ የ3,050 ሜትር ድንበር ከፍ ካለ ሰማይ ላይ የሚገኝ ሲሆን ለአዲስ አበባ ግን ደጃፍ ላይ ነው፤ የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ ከዚያ የተነሣ ትንሽ አውሮፕላን 700 ሜትር ያህል እንደወጣ የ8 ኪሎ ሜትሩ ግዴታ ይጀምረዋል። ከማኮብኮቢያው ብዙም በማይርቀው በኢምፔሪያል አካባቢ የቆመ ሰው ወደ ሰሜን ተመልክቶ የእንጦጦን ሸንተረር አጥርቶ ካየ፣ በዚያ አቅጣጫ ቢያንስ 8 ኪሎ ሜትር ዕይታ አለ ማለት ነው፤ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ያ ሸንተረር በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰወር ያላየ የአካባቢው ነዋሪ ግን አይገኝም።

አብራሪዎች ወደዚህ ሁኔታ የሚገቡት ብዙውን ጊዜ በአንድ የድፍረት ውሳኔ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ የተነሣው አብራሪ ጥቂት እንደተጓዘ አድማሱ ይደበዝዝበታል፤ ደመናውን ላለመንካት ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዝናቡን ለመሸሽ ትንሽ ይጠመዘዛል፣ እያንዳንዱም እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ስለሚመስል የተመለሰበት ሳይሆን የቀጠለበት ጉዞ ይሆናል። በደጋማ አገር ደመናው ከላይ ሲወርድ መሬቱ ከታች እየወጣ ስለሚመጣ፣ ሸለቆው ላይ በቂ የነበረው ክፍተት ሸንተረሩ ጋ ሲደርስ ይዘጋል፤ ስለዚህ ከደመና ሥር እየተሹለከለኩ መብረር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ አደገኛ ከሆነ በሸዋና በወለጋ ተራሮች መካከል ፈጽሞ ሊሞከር የሚገባው አይደለም። ሽቅብ ላምልጥ ቢል እንኳ ከፍታው ራሱ ይከለክለዋል፤ ተጨማሪ አየር የሚጭን ቱርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር በቦሌ ከፍታ ወደ ሩብ የሚጠጋ ኃይሉን የሚያጣ ሲሆን፣ በሣሣ አየር ውስጥ አውሮፕላኑ በእውነተኛ ፍጥነቱ ስለሚፈጥን ለመዞር የሚፈልገው ቦታም ይሰፋል፣ ይህም ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ለገባ ሰው ክፉ ዜና ነው።

ደመናው ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚመጣው ሌላው አደጋ ከተራራው ሳይሆን ከአብራሪው ጆሮ ይነሣል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቅስት ቱቦዎች መዞርን የሚያሳውቁት ፈሳሹ ከቱቦው ወደ ኋላ ሲቀር ነው፤ አውሮፕላኑ በዝግታ አዘንብሎ በአንድ ወጥ ፍጥነት መዞሩን ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ቱቦውን ይደርስበትና የመዞር ስሜቱ ይጠፋል። አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ እየመሰለው ይዞራል፤ ይባስ ብሎ ክንፉን ሲያቃና ወደ ተቃራኒው ጎን ያዘነበለ ይመስለዋልና መልሶ ያጣምመዋል። ይህ የአቅጣጫ ስሜት መሳት ይባላል። በዚህ መካከል ከፍታ መለኪያው መውረዱን ሲያይ መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል፤ ያዘነበለ አውሮፕላን መሪው ሲሳብ ደግሞ ከመውጣት ይልቅ ዙሩን እያጠበበ ቁልቁል ይጠመዘዛል። የአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎች ውጭውን እንዳያዩ ተደርገው ሲፈተኑ ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ ለዚህ የፈጀባቸው ጊዜም በአማካይ 178 ሴኮንድ፣ ማለትም ሦስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ነበር።

የመሣሪያ በረራ ፈቃድ በኪስ መያዝ ብቻውን ከዚህ አያድንም። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2020 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት ከሌሎች ስምንት ሰዎች ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተበትን ሄሊኮፕተር ያበርር የነበረው ሰው ይህ ፈቃድ ነበረው፤ ሄሊኮፕተሩን ያሰማራው ድርጅት ግን በዕይታ ደንብ ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደለት ነበር። የአሜሪካ መርማሪዎች የደረሱበት መደምደሚያ በዕይታ ደንብ ወደ ደመና መቀጠሉና የአቅጣጫ ስሜቱን መሳቱ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ለተቆጣጣሪዎች እየወጣሁ ነው ሲል ሄሊኮፕተሩ እየወረደ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ አብራሪው አቅጣጫውን ሳይስት፣ አውሮፕላኑም እንደታዘዘ እየሄደ ከደመና በስተጀርባ ካለ ተራራ ጋር ይጋጫል። ክረምት፣ ተራራና ትንሽ አውሮፕላን ሲገናኙ የወደቀውን መፈለጉ ራሱ ምን ያህል እንደሚከብድ በኢትዮጵያ በስፋት የታየው በ1981 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 1 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላው የፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ የተነሣው ባለ ሁለት ሞተር ትዊን ኦተር በደምቢ ዶሎ አቅራቢያ ተራራ ላይ ወድቆ፣ የአሜሪካ የምክር ቤት አባልና የረኃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩትን ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ የተሳፈሩት 16 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል፤ የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖች ጭምር ተሰማርተውበት ስብርባሪው የተገኘው ነሐሴ 7 ቀን ነበር።

መድኃኒቱ ከበሽታው ይልቅ ቀላል ነው፤ ደመናው ሳይነካ በፊት፣ ዕይታው ገና ሳለ፣ ወደመጡበት ጥርት ያለ ሰማይ መዞር። የኢሊኖዩ ሙከራ ዋና ዓላማም መመለስ ነበር፤ በድንገት ደመና የገባ አብራሪ መሣሪያውን ብቻ እያየ በዝግታ ወደ ኋላ የሚዞርበትን ዘዴ ማስተማር። ሆኖም መመለሱን የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን ቀጠሮ ነው፤ የሚጠብቅ ስብሰባ፣ የሚጠብቅ እርዳታ፣ ከኋላ ወንበር ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ተሳፋሪ። በመሣሪያ እየተመሩ የሚወርዱበት ሥርዓት በሌላቸው የገጠር ማኮብኮቢያዎች ላይ በክረምት በትንሽ አውሮፕላን የሚያርፍ ባለሥልጣን፣ ነጋዴም ሆነ የእርዳታ ሠራተኛ፣ አብራሪው «እንመለስ» ሲል ባይከራከረው፣ ከመነሣቱም በፊት የመመለስን ነገር በጉዞ ዕቅዱ ውስጥ ቢያስገባው ይመረጣል።