ለክር የተሠራ አየር

ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ አዲስ ፎቅ ላይ ሁለት በጋ ሠርቻለሁ። ጥር ላይ ጠዋት ማሞቂያው ከተከፈተ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከንፈራችን ይሰነጠቃል፤ የበሩን እጀታ ስትነኩት ቆንጠር ያደርጋችኋል። "ሕንፃው ይነዝራል" እያልን እንስቅ ነበር። ምክንያቱ ግን ተራ ነው። የበጋ ጠዋት አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ሲሞቅ ውሃ የመያዝ አቅሙ ያድጋል፣ የያዘው ውሃ ግን ያው ነው። የጎደለውን ከኛ ቆዳና ጉሮሮ ይስባል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አየር በሚያልፍበት ቱቦ ላይ ተገጥሞ ሕንፃውን በሙሉ የሚያረጥብ ማሽን አለ። ታሪኩን ማገላበጥ ስጀምር መነሻው ሆስፒታል ወይ የሀብታም ቤት ይሆናል ብዬ ነበር። ክር ሆኖ አገኘሁት።

የጥጥ ክር በደረቅ አየር ቶሎ ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር ሥራ ይቆማል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ላንክሻየር ያሉ ባለፋብሪካዎች የሽመናው አዳራሽ ውስጥ እንፋሎት ይለቁ ነበር። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ርሰው ይውሉና ማታ በዚያው ልብስ ብርድ ላይ ይወጣሉ። ብዙ ከጮኹ በኋላ በ1889 እ.ኤ.አ. ፓርላማው የሚለቀቀውን እርጥበት የሚገድብ ሕግ አወጣ። ለክሩ የሚመቸው ለሰው አልተመቸማ!

አሜሪካ ውስጥም ያው ነው። ዊሊስ ካሪየር በ1902 የነደፈው ዝነኛ መሣሪያ የብሩክሊን ማተሚያ ቤት ወረቀት እርጥበት ስቦ እንዳይለጠጥ ነበር። "ኤር ኮንዲሽኒንግ" የሚለውን ስም በ1906 ያወጣው ስቱዋርት ክሬመርም የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነው፤ ያሳሰበው ክር ማርጠብ ነበር።

እኛ አገር ድሬዳዋ በጣልያን ዘመን፣ ባሕር ዳር ደግሞ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ በ1961 እ.ኤ.አ. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። አክስቴ ከእንዲህ ያለ ፋብሪካ በአንዱ፣ መፍተያ ክፍል ውስጥ፣ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ስለ ከንፈሬ ስነግራት ሳቀች።

"እኛ ጋ በጋም ቢሆን አየሩ እርጥብ ነበር" አለችኝ። "ግን አንቺ ልጅ፣ ለኛ ተብሎ መሰለሽ? ብናኙን እንኳ በነጠላችን ነበር የምንከላከለው።" እስካሁን ጠዋት ጠዋት ያስላታል።

ቢሮአችን በሁለተኛው በጋ ማርጠቢያውን ገዛ። የተገጠመው ግን ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል ነው፤ ደረቅ አየር የሚፈጥረው ንዝረት ያበላሻቸዋል ተባለ። እኛ ጋ ማሞቂያው አጠገብ ውሃ የሞላ ድስት አስቀመጥን።