የቤተሰብ ቪዲዮን በዲቪዲ ለማስቀዳት የትኛው የፋይል ዓይነት ይመረጣል?

የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ እና የተዝካር ቪዲዮዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚገኙት በእጅ ስልክ ውስጥ ነው። ስልክ ግን ይሰበራል፤ ይጠፋል፤ ይሰረቃል። ዲቪዲ ማጫወቻ ላላቸው ቤተሰቦች ቪዲዮውን በዲስክ ማስቀዳት አንዱ መፍትሔ ነው። ይሁን እንጂ የፋይሉ ዓይነት በአግባቡ ካልተመረጠ፣ ኮምፒውተር ላይ የታየው ዲስክ ቤት ሲደርስ በቴሌቪዥን ላይከፈት ይችላል።

ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ የሚያስቀምጡት ኤምፒ4 በተባለው የፋይል ዓይነት ነው። ዲቪዲ ለገበያ የቀረበው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ሲሆን፣ ዛሬ ስልኮች ምስል የሚጨምቁባቸው ዘዴዎች በዚያን ጊዜ አልነበሩም። ስለዚህ መደበኛው ዲቪዲ ማጫወቻ የሚጠብቀው ኤምፔግ 2 በሚባለው ዘዴ የተጨመቀ ምስል ነው።

የኤምፒ4 ፋይልን እንዳለ ዲስክ ላይ መገልበጥ ዲስኩን ቪዲዮ ዲቪዲ አያደርገውም። የዲቪዲ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ኤምፔግ 2 ለውጦ፣ ማጫወቻው በሚያውቀው አደረጃጀት ማስቀመጥ ይኖርበታል። አንዳንድ ማጫወቻዎች ኤምፒ4 ወይም ኤቪአይ ያነብባሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። በመሆኑም ቪዲዮ የሚያስቀዳ ሰው ባለሙያውን «የሚዘጋጀው ዳታ ዲቪዲ ነው ወይስ ቪዲዮ ዲቪዲ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ሌላው ምርጫ ዲስኩ የሚታይበትን አገር ይመለከታል። ለኢትዮጵያ የሚስማማው ፓል የተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ የምስሉ ስፋት 720 በ576 ነጥብ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 25 ምስል ነው። በአውሮፓ፣ በእስራኤል እና በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚኖሩ ዘመዶችም ይኸው ያገለግላል። በአሜሪካ ግን ሥርዓቱ ኤንቲኤስሲ ነው፤ ስፋቱ 720 በ480፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 30 ምስል ገደማ ነው። ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻዎች ፓልን ስለማይቀበሉ፣ ወደዚያ ለሚላክ ዲስክ በኤንቲኤስሲ የተዘጋጀ ቅጂ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ሁለቱንም ያጫውታል።

የተለመደው ባዶ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። በዚህ መጠን 1 ሰዓት ያህል ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት፣ 2 ሰዓት ያህል ደግሞ በመልካም ጥራት ይቀመጣል። ሙሉ ቀን የዋለን ሠርግ በአንድ ዲስክ ለማስገባት መሞከር ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ በተለይም በጭፈራው ላይ ምስሉ ይሰባበራል። ስለሆነም በ2 ወይም በ3 ዲስክ መክፈል፣ አለበለዚያም ዋና ዋናውን መርጦ ማስቀረት የተሻለ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ዋናው ፋይል ነው። ብዙ ስልኮች የሚቀርጹት 1920 በ1080 ነጥብ ስለሆነ፣ ወደ ዲቪዲ ሲለወጥ የምስሉ ዝርዝር ይቀንሳል፤ የቀነሰውንም ከዲስኩ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ከዲቪዲ ላይ እየቀነሱ እንደገና መጭመቅም ጥራቱን ይበልጥ ይጎዳል። ለዘር የተለየ እህል ከሚበላው ጋር እንደማይቀላቀል ሁሉ፣ ከስልኩ የወጣው ኤምፒ4 ፋይልም ሳይነካ በሃርድ ዲስክ እና በፍላሽ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መቀመጥ አለበት። አዲስ ቅጂ በተፈለገ ጊዜ የሚዘጋጀው ከዚሁ ፋይል ነው።

ዲስኩ ተቀድቶ ሲያልቅ ከተቀዳበት ኮምፒውተር ውጪ በሌላ ማጫወቻ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታየት ይኖርበታል። ከፀሐይ፣ ከሙቀት እና ከጭረት ተጠብቆ በማቀፊያው መቀመጥ አለበት። ስም እና ቀን የሚጻፍበትም በእስክሪብቶ ሳይሆን ለዲስክ በተዘጋጀ ለስላሳ ማርከር ነው። ዋናው ፋይል ከስልኩ ላይ መሰረዝ ያለበት እነዚህ ሁሉ ከተረጋገጡ በኋላ ብቻ ነው።