ኩብ ሳተላይት፦ ተማሪ የሚሠራት፣ ዓለም የሚሰማት

ኩብ ሳተላይት በእንግሊዝኛ «ኪዩብሳት» የምትባለው ትንሽ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ናት። እያንዳንዱ ጎኗ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። «ኩብ»ን ከሒሳብ ትምህርትም፣ አሸዋና ጠጠር ከሚለካበት «ሜትር ኩብ»ም እናውቀዋለን፤ «ሳተላይት»ም የተለመደ ቃል ነው። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ «ኩብ ሳተላይት» ማለት ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ኩቦች ተያይዘው ሲሠሩ «ባለ ሁለት ኩብ»፣ «ባለ ሦስት ኩብ» ይባላሉ።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1999 ያፈለቁት የስታንፎርዱ ቦብ ትዊግስና የካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒኩ ጆርዲ ፑዪግ ሱዋሪ ናቸው። ትልቅ ሳተላይት መሥራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ሥራውን የጀመረው ተማሪ መጨረሻውን ሳያይ ይመረቃል። ሁለቱ መምህራን ይህን ለመፍታት መጠኑን አሳንሰው አንድ ወጥ አደረጉት። መጠኑ አንድ ከሆነ፣ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሮኬቱ ላይ በተገጠመ አንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ምሕዋር ላይ ሲደረስ የሳጥኑ ክዳን ይከፈትና ስፕሪንግ ሳተላይቷን ገፍቶ ያስወጣታል።

ከመጀመሪያዎቹ አንዷ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት «ሳይ ፎር» ናት። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2003 ከሩሲያው ፕሌሴትስክ ማስወንጨፊያ ወደ 820 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣች። ተማሪዎቹ የተጠቀሙት ለጠፈር ተብሎ በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ውድ ዕቃ ሳይሆን ገበያ ላይ የሚገኝ ማይክሮኮንትሮለርና ካሜራ ነበር። ሳተላይቷ የምድርን ፎቶ ላከች፤ ምልክቷም ከ20 ዓመት በኋላ ይሰማ ነበር። በዚያው ሮኬት ከተጓዙት መካከል አንድ የዴንማርክና አንድ የካናዳ ኩብ ሳተላይት ግን ድምፃቸው ጨርሶ አልተሰማም። ጠፈር ላይ የተበላሸን ነገር ወጥቶ የሚጠግን የለም። ተማሪው እያንዳንዱን ብየዳና እያንዳንዱን የፕሮግራም መስመር ደጋግሞ መፈተሽ የሚማረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ አንቴናውን ብቻ እንመልከት። ብዙ ኩብ ሳተላይቶች በ437 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይናገራሉ። የዚህ ሞገድ ርዝመት 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሩብ ሞገድ የሚባለው አንቴና እንኳ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሳተላይቷ ጎን ግን 10 ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ እንደ አናጢ ሜትር ያለ ስስ የብረት ጥብጣብ አጥፈው በናይለን ክር ያስሩታል። ሳተላይቷ ከሮኬቱ ከተላቀቀች በኋላ አንዲት ቀጭን ሽቦ ትግልና ክሩን ትበጥሰዋለች፤ ጥብጣቡም በራሱ ኃይል ይዘረጋል። ክሩ ካልተበጠሰ የዓመታት ልፋት ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀራል።

«አማተር ሬዲዮ» የሚለው ስም እዚህ ላይ ይመጣል። በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መሠረት አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ለቴክኒክ ምርምር የሚጠቀሙበት፣ ገንዘብ የማይገኝበት አገልግሎት ነው። ከ435 እስከ 438 ሜጋ ኸርዝ ያለው መስመር ለአማተር ሳተላይቶች ክፍት ነው። ከሳተላይቷ በዚህ መስመር የሚላክ መልእክት ትርጉሙን ለመደበቅ አይመሰጠርም። ሳተላይቷ የጥሪ ምልክቷን፣ የባትሪዋን ቮልቴጅና የሙቀት መጠኗን በሞርስ ኮድ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚገልጽ ስልት፣ ስትናገር ኮዱን የሚያውቅ ሁሉ በጆሮው ሊያነበው ይችላል። ይህ ለዩኒቨርሲቲው ትልቅ በረከት ነው። አንድ ጣቢያ ሳተላይቷን የሚያገኛት በላዩ ስታልፍ ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ልኬቶች በሌላ አገር ያሉ የሬዲዮ አፍቃሪዎች መዝግበው ይልኩለታል።

አድማጩም ፊዚክስን በተግባር ያገኛል። ሳተላይቷ ስትቀርብ የምልክቷ ድግግሞሽ ከፍ፣ ስትርቅ ዝቅ ይላል፤ ይህ የዶፕለር ሕግ ይባላል። የሳይ ፎር ለውጥ በሁለቱም አቅጣጫ ከ9 ኪሎ ኸርዝ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ተማሪው መቀበያውን እያስተካከለ ካልተከተላት ታመልጠዋለች። ሕጉን ከሰሌዳ የገለበጠና በእጁ የተከተለ ተማሪ እኩል አይረዱትም።

አፍሪካም በዚህ መንገድ ገብታለች። የጋና ኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጃፓኑ ክዩሹ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠሯት «ጋናሳት 1» እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተለቀቀች፤ የጋና የመጀመሪያዋ ሳተላይትም ሆነች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ከቻይና ያመጠቀቻት ሳተላይት ዓላማዋ ሌላ ነበር፤ የተሠራችው ምድርን ለመቃኘት ነው፣ ክብደቷም 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ለአማተር ሬዲዮ ግን ባዕድ አይደለንም፦ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር «ኢቲ 3 ኤኤ» በሚል የጥሪ ምልክት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲያስተላልፍ ቆይቷል።

ኩብ ሳተላይት ለማምጠቅ ገንዘብና አጋር ያስፈልጋል፤ ለማስተላለፍም ፈቃድ ግድ ነው። መስማት ግን ከሁሉ የቀለለው መነሻ ነው። በእጅ የሚሠራ አንቴና፣ አነስተኛ መቀበያና አንድ ኮምፒዩተር ያለው የኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍል የሌሎችን ሳተላይቶች በመከታተል ሊጀምር ይችላል። ልኬት ማንበብና ምሕዋር ማስላት የለመደ ተማሪ የራሱን ለመሥራት ዕድሉ ሲመጣ ከዜሮ አይነሣም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ዛሬውኑ በሥርዓተ ትምህርታቸው ሊያካትቱት ይገባል።