7 ቁጥር የገባባት ምድር

በወላይትኛ ምድር «ሳኣ» ናት። በላቲን ፊደል ስትጻፍ መሀሏ ላይ 7 ቁጥር ትገባለች፤ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ የምትለው ድምፅ ምልክት ናት። ቋንቋውን የሚያነብ ሰው 7ን እንደ ማንኛውም ፊደል ለምዷታል። እኔ ግን አንድ ቀን ቃሏን ስልኬ ላይ ጻፍኩና እንግሊዝኛ ብቻ በሚያውቀው የስልኩ ድምፅ አስነበብኳት። «ሳ-ሰቨን-ኣ» አለኝ። «ጥ» በኤክስ ስለሚጻፍ ደግሞ የፈጣሪን ስም «ጦሳ»ን «ዙሳ» አደረገው።

ሳቅኩ። እኔ ስክሪኑን አይቼ ስህተቱን አርማለሁ። በጆሮው ብቻ የሚያነብ ዓይነ ስውር ግን ማመሳከሪያ የለውም፤ ማሽኑ ያለውን ይዞ ይቀራል።

በወላይታ በጆሮ መማር አዲስ ነገር አይደለም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ፣ ራሳቸው በጻፉት ታሪክ መሠረት፣ ትተው የሄዱት 48 ያህል የተጠመቁ ምእመናን ነበር፤ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10 ሺህ። መጽሐፉ ጥቂት፣ ፊደል የቆጠረውም ጥቂት ነበር። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሰምቶ በቃሉ ይይዛል። በሰሜኑ የአብነት ትምህርት ቤትም ዓይነ ስውር መሪጌታ ድጓውን በቃሉ ይዞ ዓይናማውን ሲያርም ኖሯል። ጆሮ ከዓይን ያነሰ የዕውቀት በር ነው የሚለው ሐሳብ የመጣው ከወረቀት ጋር ይመስለኛል።

ብሬልም መጣ። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል የቀመራቸው ስድስት ነጥቦች ለአማርኛ ሲስማሙ ፊደላችን ተፈታ፤ በብሬል ተነባቢና አናባቢ ተነጣጥለው ነው የሚጻፉት። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ተቋቋመ። ሶዶም ኦቶና ላይ የራሷን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አገኘች። ስሌትና ስታይለስ የተባሉትን የብሬል መጻፊያዎች ይዞ ወረቀት የወጋ ሁሉ ግን ችግሩን ያውቀዋል፦ ብሬሉ ወፍራም፣ መጽሐፉ ጥቂት፣ ቀሪው ሁሉ የሰው አንባቢ ፈቃድ የሚጠይቅ።

የወላይትኛ ጽሕፈት ደግሞ በዚሁ መሀል ልብሱን ቀይሯል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፣ በግዕዝ ፊደል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ላቲን ተሻገረ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን ጨፍልቆ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ተነሣች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፎቹም ተሰበሰቡ። ቋንቋዬ ሌላ ድምፅ አይሰጠው ብሎ የተነሣ ሕዝብ «ሳ-ሰቨን-ኣ»ን እንደ ቀልድ ይሰማዋል ብዬ አላምንም።

የሚያነብ ማሽን ራሱ ከተወለደ ቆይቷል። ሬይ ከርዝዌል እ.ኤ.አ. በ1976 መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ መሣሪያ አወጣ። በ1989 ጃውስ፣ በ2006 ደግሞ በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባሉ፣ በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ተከተሉ። አማርኛ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ፤ ኢስፒክ የተባለው ነፃ ድምፅ አማርኛ ያነባል፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ቢልም። ማይክሮሶፍትም «አምሃ» እና «መቅደስ» የሚሉ ሁለት ጥሩ የአማርኛ ድምፆች አሉት። እነሱም ቢሆኑ «ገና» ስትላቸው በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው መገመት አለባቸው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። የወላይትኛው ላቲን እዚህ ላይ ይበልጠናል፤ የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ይጽፈዋል። 7ን «ሰባት ሳይሆን ድምፅ ነሽ» ብሎ የሚነግራት ሰው ከተገኘ ማሽኑ ከአማርኛው ይልቅ በወላይትኛው ሊቀናው ይችላል።

የነገሯትም አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሰሎሞን ተፈራ፣ ማርታ ይፍሩና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ የተቀዳ የንግግር ክምችት አቅርበዋል። በ2023 ደግሞ ሜታ ከ1,100 በላይ ቋንቋ የሚናገር ሞዴል ሲያወጣ ወላይትኛ ከመካከላቸው ነበር፤ የሠለጠነውም በዋናነት በተቀዳ የአዲስ ኪዳን ንባብ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ 1929 ዓ.ም. ላይ ገጠመ፦ አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል።

ሥራው ትልቅ ነው፤ ቅሬታዬ ግን አለ። ሁለቱም የቆሙት በንባብ ላይ ነው። ጽሑፍ አይቶ ማንበብ ዓይን ይፈልጋል። የቦዲቲ ገበያ ላይ የሚከራከር ሰው እንደ ስብከት አያወራም። ዓይነ ስውሩ ራሱ ስልኩን እንዴት እንደሚያዝዘው፣ ምን ላይ እንደሚቸኩል በእንዲህ ያለ ክምችት ውስጥ አይገኝም። ወላይትኛ የሚሰማ ረዳት ልሥራ የሚል ባለሙያ መቅጃውን ይዞ መጀመሪያ ኦቶና ይሂድ፣ ከጽሑፍ ንባብ ይልቅ ጨዋታ ይቅዳ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 1.6 በመቶው ሕዝብ ማየት የተሳነው መሆኑን አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ሞራው ቢገፈፍለት ማየት ለሚችል ሰው የሚያናግር ስልክ ሰጥቶ መሸኘት እርዳታ አይባልም። ድምፁ የሚያስፈልገው ሕክምና ለማይመልስለት ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ዛሬ ነው የሚያስፈልገው።

ሞዴል እስኪሠራ መጠበቅ የሌለበትም ጉዳይ አለ። የሥራ ማስታወቂያው፣ የፈተና ጥሪው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ስክሪን አንባቢው ፎቶው ጋ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ «ምስል» ብሎ ያልፋል፤ ተማሪው እንደገና ሰው ፍለጋ ይወጣል። እባካችሁ፣ ሶዶም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ፎቶውን ስትለጥፉ ከሥሩ ጽሑፉን በፊደል ጨምሩበት።